የተቀባዩ አጀማመር የልኬቱን ዓይነት ይወስናል፦ ከሕዋስ ሽፋን እስከ ድሬዳዋ የቀዶ ሕክምና ክፍል

የሰው አካል ሕዋስ በራሱ ፈቃድ ብቻ አያድግም፤ አይከፈልምም። ከውጭ ትእዛዝ ሊደርሰው ይገባል። ትእዛዙን የሚያመጡት የዕድገት ፋክተር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ትእዛዙን የሚቀበሉት ደግሞ የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቀው የቆሙ፣ ከፊል አካላቸው በውጭ፣ ከፊሉ በውስጥ የሆነ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። በድኅረ ምረቃ የባዮኬሚስትሪና የሕክምና ሳይንስ ትምህርት ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሥዕል ይጠቃለላል፦ የዕድገት ፋክተሩ ይመጣል፤ ለየብቻ የነበሩትን ሁለት ተቀባዮች ያጣምራል፤ ተጣማሪዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ያስራሉ፤ መልእክቱም ወደ ውስጥ ይገባል። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ጎደሎነቱም በመማሪያ ክፍል ተወስኖ አይቀርም፤ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት የትኛውን መድኃኒት ልታገኝ እንደሚገባት እስከ መወሰን ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተቀባይ መልእክት ማስተላለፍ የሚጀምርበት ስልት የተለያየ ስለሆነ፣ በታማሚው ናሙና ላይ ሊለካ የሚገባው ነገርም ይለያያል። ሁለተኛ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ከማዕከላዊ ቤተ ሙከራዎች በራቀና ሞቃት በሆነ ከተማ ይህ የሚለካው ነገር የሚጠበቀው ወይም የሚጠፋው ዕጢው ከታማሚዋ አካል ከወጣ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ስለዚህ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ያሉ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ስለ ተቀባዮች ከፍተኛውንና ውድ የሆነውን መሣሪያ እስኪያገኙ መጠበቅ የለባቸውም፤ ትልቁ ሥራ በእጃቸው ባለው ነገር ሊጀመር ይችላል።

ከአይጥ ዐይን እስከ ካንሰር ጂን

የዕድገት ፋክተሮች ታሪክ የተጀመረው በሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና በስታንሊ ኮኸን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለቱ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር ሲያጠኑ፣ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ አዲስ በተወለዱ አይጦች ላይ ሲወጋ ያልጠበቀውን ነገር አየ፤ የግልገሎቹ ዐይን ከተለመደው ጊዜ ቀናት ቀድሞ ተከፈተ፤ ጥርሳቸውም ቀድሞ ወጣ። ከዚህ ምልከታ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1962 የለየው ፕሮቲን ኤፒደርማል የዕድገት ፋክተር፣ በአጭሩ ኢጂኤፍ ተባለ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

በመካከሉ ሌሎች መንገዶች ወደዚሁ ጉዳይ አመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶኒ ሃንተርና ባልደረቦቹ ታይሮሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት የሚያስር ኢንዛይም እንዳለ አሳዩ። ብዙም ሳይቆይ የኢጂኤፍ ተቀባይ ራሱ እንዲህ ያለ ኢንዛይም፣ ማለትም ታይሮሲን ካይኔዝ፣ እንደሆነ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ዶሮዎችን በካንሰር የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ የተሸከመው ጂን ከዚሁ ተቀባይ ጂን የተቆረጠ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ የያዘው ቅጂ ኢጂኤፍን የሚይዘው የውጭ አካል የሌለው ነበር። ትእዛዝ ተቀባዩ ጆሮውን አጥቶ እጁ ግን ሳያርፍ ይሠራል እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎችን የያዘው ጥያቄ ግልጽ ሆነ፦ ተቀባዩ በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቆየው በምን ምክንያት ነው? ዝምታውንስ የሚሰብረው ምንድን ነው?

አጀማመሩ አንድ ዓይነት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1987 ዮሴፍ ያርደንና ጆሴፍ ሽሌሲንገር ያቀረቡት መልስ መጣመር ነው የሚል ነበር፤ ኢጂኤፍ ሲይዛቸው ተቀባዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነቃሉ። ሐሳቡ ጸንቷል፤ ዝርዝሩ ግን ከተጠበቀው የተለየ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙት የክሪስታል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኢጂኤፍ በሁለቱ ተቀባዮች መካከል ድልድይ አይሆንም። የተቀባዩ የውጭ አካል አራት ክፍሎች አሉት። ከሁለተኛው ክፍል እንደ ክንድ የወጣ ቅጥያ አለ። ተቀባዩ ባዶ ሲሆን ይህ ክንድ ከአራተኛው ክፍል ጋር ተያይዞ ታጥፎ ይቆያል። ኢጂኤፍ አንደኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ባንድነት ሲይዝ ተቀባዩ ይዘረጋል፤ ክንዱም ነጻ ወጥቶ የጎረቤቱን ክንድ ያገኛል። ስለዚህ የኢጂኤፍ ሥራ ሁለት ተቀባዮችን ማሰር ሳይሆን እያንዳንዱን ከእጥፋቱ መፍታት ነው።

በሕዋሱ ውስጥ በኩልም ሥዕሉ ተለውጧል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ ካይኔዞች እኩል እየሆኑ እርስ በርሳቸው እንደሚነቃቁ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከጆን ኩሪያን ቤተ ሙከራ የወጣው ሥራ ግን ጥንዱ እኩል እንዳልሆነ አሳየ። አንደኛው ካይኔዝ በታችኛው ጫፉ የሌላውን የላይኛው ክፍል ይገፋል፤ የተገፋው ብቻ ይነቃል። ገፊው ራሱ ኢንዛይም ሆኖ መሥራት አያስፈልገውም፤ መግፋቱ ይበቃዋል። የዚህ ግኝት ትርጉም ትልቅ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ ሦስተኛው አባል የሆነው ኸር-3 ካይኔዙ እጅግ ደካማ ቢሆንም በገፊነት ሌላውን ሊያስነሣ የሚችለው ስለዚህ ነው።

ሌሎች ቤተሰቦች ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። የኢንሱሊን ተቀባይ ኢንሱሊን ከመምጣቱ በፊትም በሰልፈር ማያያዣዎች የተቆራኘ ጥንድ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ንቃት ማለት መጣመር ሳይሆን ቀድሞ የተጣመረው አካል ቅርጹን መለወጡ ነው። የፋይብሮብላስት ዕድገት ፋክተር ተቀባዮች ደግሞ ያለ ሄፓራን ሰልፌት፣ ማለትም በሕዋሱ ወለል ላይ ያለ የስኳር ሰንሰለት ሳይረዳቸው፣ በአግባቡ አይጣመሩም። «ሊጋንድ ይመጣል፤ ተቀባይ ይጣመራል» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር እነዚህን ሁሉ አይሸፍንም።

ከሁሉ ይልቅ ሥዕሉን የሚያፈርሰው ኸር-2 ነው። ይህ ተቀባይ በቀጥታ የሚይዘው የታወቀ የዕድገት ፋክተር የለም። የውጭ አካሉ ከመጀመሪያው የተዘረጋ ነው፤ ክንዱም ሁልጊዜ ነጻ ሆኖ ጥንድ ይጠብቃል። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ይህ አደጋ አይሆንም፤ የተቀባዩ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ የሚገናኘው በአብዛኛው ከሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት፣ በተለይም ትእዛዝ ከደረሰው ኸር-3 ጋር ነው። ጂኑ ሲባዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጤናማ የጡት ሕዋስ ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠረው ተቀባይ ጂኑ በተባዛበት ዕጢ ላይ እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። በቀጭን ሽፋን ላይ የሚንሳፈፉ ሞለኪውሎች ብዛታቸው እጥፍ ሲሆን እርስ በርስ የመገናኘታቸው ዕድል አራት እጥፍ ይሆናል፤ መቶ እጥፍ ሲሆንማ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ትእዛዝ ሳይመጣ ትእዛዝ የመጣ ያህል ይሆናል። በኸር-2 ዘንድ ብዛት ራሱ ማስጀመሪያ ነው።

ምን ይለካ?

የሞለኪውሉ ታሪክ ወደ ታማሚው የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ 189 የጡት ዕጢዎችን መርምረው የኸር-2 ጂን ከተባዛባቸው ሴቶች መካከል በሽታው ቶሎ የሚያገረሽባቸውና ዕድሜያቸው የሚያጥርባቸው እንደሚበዙ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተቀባዩ አራተኛ ክፍል ላይ የሚያርፈው ፀረ-አካል ትራስቱዙማብ በአሜሪካ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተፈቀደው ፐርቱዙማብ ደግሞ የሚያርፈው በሁለተኛው ክፍል፣ በዚያው በመጣመሪያው ክንድ ላይ ነው። የአጀማመሩን ስልት ያላወቀ ሐኪም ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ የሌላው ድጋሚ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ የሆኑበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም።

በጡት ካንሰር ምርመራ የሚለካው የተቀባዩ ንቃት ሳይሆን ብዛቱ ነው። ፓቶሎጂስቱ በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ዘዴ የቀለመውን ቁራጭ አይቶ ከ0 እስከ 3+ ያለ ውጤት ይሰጣል። 2+ ከሆነ አጠራጣሪ ነውና የጂኑ መባዛት በሌላ ዘዴ ይረጋገጣል። ይህ አሠራር ትክክል የሚሆነው በኸር-2 ዘንድ ብዛትና ንቃት አብረው ስለሚሄዱ ነው። ይህንኑ መለኪያ ወደ ሳንባ ካንሰርና ወደ ኢጂኤፍ ተቀባይ መገልበጥ ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደተደረሰበት፣ ጀፊቲኒብ የሚባለው መድኃኒት በጎላ ሁኔታ የሚጠቅማቸው የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ተቀባዩ የበዛባቸው ሳይሆኑ በተቀባዩ ካይኔዝ ክፍል ላይ የጂን ለውጥ ያላቸው ናቸው። በዚያ በሽታ ካይኔዙ ራሱ ወደ ንቃት ስላዘነበለ፣ መለካት ያለበት የጂኑ ቅደም ተከተል ነው። በአንደኛው ቀለም፣ በሌላው የጂን ንባብ፤ ልዩነቱን የወሰነው የቤተ ሙከራ ልማድ ሳይሆን የተቀባዩ አጀማመር ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚቀርቡ ሐሳቦች አንዳንዴ «የተቀባዩን ንቃት» ለመለካት ፎስፌት የታሰረበትን ታይሮሲን በቆየ የፓራፊን ብሎክ ላይ ለማቅለም ያስባሉ። ፎስፌት ግን ቶሎ የሚፈታ ምልክት ነው። ዕጢው ደም ከተቋረጠበት ቅጽበት ጀምሮ ፎስፌት ፈቺ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ናሙናው መቼና እንዴት እንደተያዘ ሳይታወቅ እንዲህ ያለ ልኬት የሚናገረው ስለ ዕጢው ሳይሆን ስለ መዘግየቱ ነው።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚዎችም ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። በሽታውን በሕዝብ ደረጃ የሚመዘግበው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗም ከደጋው ከተሞች ይልቅ ሞቃት ናት፤ በሰኔ ግድም የቀትር ሙቀቷ ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ርቀትና ሙቀት ሁለቱም በተቀባዩ ልኬት ላይ ይፈርዳሉ።

ዕጢ ከአካል ሲወጣ ደም ይቋረጥበታል፤ የገዛ ኢንዛይሞቹም ፕሮቲኖቹን መቁረጥ ይጀምራሉ። ሙቀት ሲጨምር የኢንዛይም ሥራ ይፈጥናል። ይህን የሚያስቆመው ፎርማሊን ነው፤ በፕሮቲኖች መካከል ድልድይ እየሠራ ባሉበት ያቆማቸዋል። ፎርማሊን ግን ወደ ሥጋ የሚገባው በዝግታ፣ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ግድም ብቻ ነው። ሳይሰነጠቅ እንዳለ ፎርማሊን ውስጥ የተነከረ ሙሉ ጡት ከውጭ የተያዘ ይመስላል፤ መሐሉ ግን ለሰዓታት ሳይያዝ ይበሰብሳል። በሌላ በኩል እጅግ የቆየ ናሙና የፀረ-አካሉን ማረፊያ ይሸፍናል። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርና የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ በጋራ ያወጡት መመሪያ በዚህ ምክንያት ሁለት ቁጥሮችን ይደነግጋል፦ ናሙናው ከአካል በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ በፎርማሊኑ ውስጥም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ።

የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መጣስ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አፍሪካ በቅርቡ የተማረችው ነገር ነው። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ዕጢ በአብዛኛው የኢስትሮጅን ተቀባይ የሌለው ነው የሚል አስተያየት ለዓመታት በስፋት ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ግን፣ ከመዝገብ በወጡ አሮጌ ብሎኮች ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ይልቅ ለጥናቱ ታስቦ በጥንቃቄ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ከተሠሩት ውስጥ ተቀባዩ ያለባቸው ዕጢዎች ድርሻ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። በዚያው ዓመት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናትም ከታማሚዎቹ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ተቀባዩ ያለባቸው እንደሆኑ ዘግቧል። የኢስትሮጅን ተቀባይ በሕዋስ ሽፋን ላይ ሳይሆን በኒውክሊየስ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ዓይነት ተቀባይ ቢሆንም፣ የሚለካው ግን ከዚያው ብሎክ፣ በዚያው ዘዴ ነው። በውሸት «የለም» የተባለላት ሴት የምታጣው ታሞክሲፈንን፣ ማለትም በዋጋ ርካሽ የሆነውንና ዕድሜ የሚያራዝመውን ክኒን ነው።

በኸር-2ም ነገሩ እየጠበበ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የሚባለው መድኃኒት ተቀባዩ በመጠኑ ብቻ ባለባቸው፣ 1+ ወይም ጂኑ ያልተባዛ 2+ በሆኑ ታማሚዎች ላይም እንደሚጠቅም ታይቷል። ይህ መድኃኒት ተቀባዩን መልእክተኛ በሚል ሳይሆን በር በሚል ይጠቀምበታል፤ መርዙን በዚያ በኩል ወደ ሕዋሱ ያስገባል። ስለዚህ ቀድሞ 0 ይሁን 1+ ብዙም የማያሳስበው ልዩነት ዛሬ ሕክምናን የሚለይ ድንበር ሆኗል። በአያያዝ ጉድለት ቀድሞ የሚደበዝዘውም ይኸው ደካማው ቀለም ነው።

የሚነሡ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ብርቱ ነው፦ መድኃኒቱ ከታማሚዋ አቅም በላይ ከሆነ መለካቱ ምን ይጠቅማል? መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከዚያው ብሎክ የሚገኘው የኢስትሮጅን ተቀባይ ውጤት ወዲያውኑ የሚጠቅም ርካሽ መድኃኒትን ይወስናል። ሁለተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም ለመጀመሪያ ጊዜ የዚሁኑ መድኃኒት አቻ ቅጂ መርምሮ ብቁ ነው ብሏል። የዋጋው በር ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው። ሦስተኛ፣ ግዥን የሚያቅድ አካል ስንት ታማሚ እንደሚያስፈልገው ማወቅ አለበት፤ በተሳሳተ ልኬት ላይ የቆመ ቁጥር መድኃኒቱ ለማን እንደሚያስፈልግ ሳይሆን ለማን እንደማያስፈልግ በሐሰት ይመሰክራል።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ የሞለኪውሎችን ቅርጽና ንቅናቄ ማስተማር ክሪስታል የሚያነብ ወይም በብርድ የሚሠራ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለሌለው ዩኒቨርሲቲ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ አስተያየት እውቀትን ከመሣሪያ ጋር ያምታታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኸር-2ንና የኸር-3ን ጥምር አካል ቅርጽ ያሳየው ሥራ በድሬዳዋ ሊደገም አይችል ይሆናል፤ የሥራው ትርጉም ግን በድሬዳዋ ሊሠራበት ይችላል። ብዛት ማስጀመሪያ መሆኑን የተረዳ ተማሪ፣ ብዛቱን የሚያጠፋ መዘግየት ለምን የምርመራውን ሕይወት እንደሚነጥቅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። መመሪያን በቃል የያዘ ሰው ሲጨናነቅ ይዘለዋል፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ግን መውጫ ይፈልግለታል።

ሦስተኛው መቃወሚያ፣ ናሙናው ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ስለሚላክ ኃላፊነቱ የተቀባዩ ቤተ ሙከራ ነው የሚል ነው። ነገር ግን አንድ ሰዓት በማናቸውም መንገድ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ አያደርስም። ሰዓቱ የሚያልቀው ናሙናው ገና ከተማይቱን ሳይለቅ ነው። የትም ያለ ፓቶሎጂስት የቱንም ያህል ቢካን የጠፋውን ፕሮቲን መመለስ አይችልም።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ሁለት ሰዓቶችን መጻፍ ነው፤ ዕጢው ከአካል የወጣበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን። ከናሙናው ጋር በሚሄደው ቅጽ ላይ ለእነዚህ ሁለት ባዶ ቦታዎች ቢኖሩ ወጪው የቀለም ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ አገራዊ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «4 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ በአገሩ አቆጣጠር ረፋድ ሲሆን በውጭው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት በአንድ ሰዓት ገደብ ላይ ሲጨመር ልኬቱን ትርጉም ያሳጣዋል። ቅጹ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ሊያዝ ይገባል፤ ቀኑም እንዲሁ።

ሁለተኛው እርምጃ ፎርማሊኑን ማስተካከል ነው። በውኃ ብቻ የቀጠነ ፎርማሊን ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱም ፕሮቲኑንም ዲኤንኤውንም ይጎዳል። የተስተካከለው 10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን አዘገጃጀት ግን ማናቸውም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሊሠራው የሚችል ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር የገበያው ፎርማልዲሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 4 ግራም ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት። የፈሳሹ መጠን ከናሙናው 10 እጥፍ ይሁን፤ ትልቅ ናሙናም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ይሰንጠቅ፤ ዳርቻውን ለመለየት የሚያስፈልገው ቀለም ቀድሞ ይቀባ። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በአንድ ተቋም ጥላ ሥር ያሉ ናቸው፤ አንዱ የሚያዘጋጀውን ሌላው ሊጠቀምበት ይችላል።

ሦስተኛው የጥናት ርእስ ነው። ዕጢ መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ ከቄራ በሚገኝ የፍየል ማህፀን ላይ እንኳ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሥጋው ወዲያውኑ፣ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉ በክፍሉ ሙቀት፣ ከፊሉ በበረዶ ሣጥን ይቆያል። ፀረ-አካሉ ለፍየል ፕሮቲን እንደሚሠራ በቅድሚያ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ማን እንደሆነ ሳያውቁ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች የቀለሙን ብርታት ይመዝናሉ። የድሬዳዋ የቀትር ሙቀት የመመሪያውን አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያሳጥረው ከዚህ ይታያል። መመሪያው የተጻፈው አየሩ በመሣሪያ ለሚቀዘቅዝ ሆስፒታል ነው፤ ለሞቃት ከተማ የሚሆነውን ቁጥር ሞቃት ከተማ ራሷ ማውጣት አለባት። ቀጥሎም የሥነ ምግባር ፈቃድ ተገኝቶ፣ ከምርመራ በተረፈ የሰው ናሙና ላይ ውጤቱ ሊፈተሽ ይችላል።

አራተኛው የአንባቢነት ጉዳይ ነው። በተቀባዮች ላይ የሚሠራ ማናቸውም የማስተርስ ጥናት ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ለመግባት የፈጀበትንና የቆየበትን ጊዜ ካልገለጸ፣ ገምጋሚዎች ውጤቱን ከመቀበላቸው በፊት ይህን ሊጠይቁ ይገባል። በዕጢው አጠገብ ያለው ጤናማ የጡት ቱቦ የኢስትሮጅን ተቀባይ ቀለም ሊያሳይ የሚገባው የውስጥ ምስክር ነው፤ እርሱም ካልቀለመ «የለም» የሚለው ውጤት ሊጻፍ አይገባውም፤ ምርመራው አልተሳካም ማለት ብቻ ነው የሚቻለው።

በማስተማሩም ረገድ የሚጠየቀው ለውጥ ትንሽ ነው። አንዱ ሥዕል በአራት ይተካ፦ የሚዘረጋው የኢጂኤፍ ተቀባይ፣ ቀድሞ የተጣመረው የኢንሱሊን ተቀባይ፣ በስኳር ሰንሰለት የሚታገዘው የፋይብሮብላስት ፋክተር ተቀባይ፣ ሁልጊዜ የተዘረጋውና በብዛቱ የሚነቃው ኸር-2። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥርም አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ ይህ ተቀባይ በታመመ ሰው ላይ ቢበላሽ ምን ይለካል? ጥያቄውን መመለስ የቻለ ተማሪ ትምህርቱን ወደ ሕክምና ክፍል ይዞት ይሄዳል። ዕጢው ከወጣ በኋላ በሚፈሰው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው በድሬዳዋ ከተገኘ፣ በአዲስ አበባ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው ቀለም ስለ ታማሚዋ እውነቱን ይናገራል።